ቤዙ የት ጠፋ? የአንድ የማርቆስ ሰርግ ባንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚሠራ የሰርግ ባንድ ነው። ዘፋኝ፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ኪቦርድና ቤዝ ጊታር አለው። ድራም የለውም። ምቱን ኪቦርዱ ላይ የተሞላው ሪትም ይይዛል፤ ከበሮው ደግሞ ነፍስ ይዘራበታል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የእንጀራቸው ወቅት ናቸው። ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፤ የጠራቸው ዘንድ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ።

ችግራቸው እንዲህ ነው። ቤዙ መድረኩ ላይ ያጓራል፤ ዳሱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን አይሰማም። ሰርገኛው «ቤዝ ጨምሩ» ይላል። ሳውንድማኑ ይጨምራል። መድረኩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፋኙ ይቆጣል፣ ሳውንድማኑ መልሶ ይቀንሳል። በየሰርጉ ያው ነው።

ቤዝ ተጫዋቹ ወጣት ነው፤ እጁ ግን የታመነ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለው። ዘመድየው «አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምይዝልህ» ብሎታል። ልጁ የፔዳል (በእግር እየተነካ የቤዙን ድምፅ የሚቀይር ዕቃ) ፎቶዎች ስልኩ ላይ ደርድሮ ባሕር ዳር መጣና «ጋሼ፣ ከእነዚህ የቱን ላስመጣ?» አለኝ። ከሁሉም በላይ ያስቀመጠው የዳርክግላስ ቢ3ኬ ነበር፤ ሄልሲንኪ ውስጥ ያለ ድርጅት የሚሠራው ዲስቶርሽን ነው። ዩቲዩብ ላይ ሰምቶት ልቡ ሄዷል። አልፈርድበትም፤ ድምፁ በእርግጥም ያምራል።

እኔ ቤዝ እጫወታለሁ፣ የሳውንድ ሥራም እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ግን የሰው ቤዝ ለብቻው ቤት ውስጥ ሰምቼ «ይሄን ግዛ» ማለት አልወድም። ዕቃው የሚመጣው አንዴ ነው፣ ገንዘቡም የሰርግ ላብ ነው። ስለዚህ ልምምዳቸውን ለመስማት ማርቆስ ሄድኩ።

ያላቸው ዕቃ

ቤዙ ፓሲቭ ነው፤ ባትሪ የለውም። ባለአራት ክር፣ በጃዝ ቤዝ ቅርጽ የተሠራ። ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951፣ ጃዝ ቤዝን በ1960 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የምናየው አብዛኛው ቤዝ የእነዚህ የሁለቱ ዘር ነው። የጃዝ ቤዝ መለያው ሁለት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) መሆኑ ነው፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ አንዱ ወደ ብሪጁ። እያንዳንዱ የራሱ ቮልዩም አለው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክሮቹ አርጅተዋል። ከቤዙ የሚወጣው ጃክ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ፣ ለኪቦርድ የተሠራ ላይን መግቢያ ውስጥ ይሰካል። ከሚክሰሩ ወደ ሁለት ባለ12 ኢንች ስፒከሮች ይሄዳል፤ በማቆሚያ ላይ የቆሙ ናቸው። ሰብ (ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የለም። መድረክ ላይ አንድ ሞኒተር (ወደ ተጫዋቾቹ የሚዞር ስፒከር) አለ፤ ሁልጊዜ ጥግ ላይ፣ ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

የቤዝ አምፕሊፋየር የላቸውም። ይህ በጎጃም ብቻ ሳይሆን በብዙ የሰርግ ባንዶች ዘንድ የተለመደ ነው። አምፔግ በ1969 ኤስቪቲ የሚባለውን ባለ300 ዋት አምፕ ሲያወጣ ሐሳቡ ቤዙ መድረክ ላይ በራሱ ጉልበት እንዲሰማ ነበር። ያንን ዕቃ በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ ሞጣ መውሰድ ግን አይታሰብም። ለእኛ ባንዶች ቤዙ ሚክሰር ውስጥ ገብቶ ከሁሉም ጋር በአንድ ስፒከር ነው የሚወጣው። ምርጫው ሁሉ ከዚህ መነሳት አለበት።

የሚፈስበት ቀዳዳ

ድምፅ እንዲህ ሲጠፋ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚፈሰው። መጀመሪያ ያየሁት ጃኩን ነው። የፓሲቭ ቤዝ ፒካፕ ደካማ ምልክት ነው የሚያወጣው፤ የሚገባበት ዕቃ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ ከፍ ያለ፣ ሊኖረው ይገባል። ቢያንስ 500 ኪሎ ኦም፣ ቢቻል 1 ሜጋ ኦም። የብዙ ሚክሰሮች ላይን መግቢያ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ፓሲቭ ቤዝ እዚያ ሲሰካ ጥራቱ ይታነቃል፤ የጣቱ አነካክ፣ የክሩ ጠርዝ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጭጋግ ነው። ልጁ ለዓመታት «ቤዜ አይረባም» እያለ ሲያማ የኖረው ይህን ነው። ቤዙ ምንም አልሆነም።

ቀጥሎ ሞኒተሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ያበዛል፤ ባዶ የጣውላ መድረክ ሲጨመርበት ደግሞ አብሮ ይጮኻል። ሳውንድማኑ ያንን ጉርምርምታ ለማጥፋት የቤዙን ቻናል ኢኮላይዘር ይቀንሳል። ቻናሉ ግን ለሞኒተሩም ለዋናውም ስፒከር አንድ ነው። መድረኩን ሲያስታግስ ዳሱን ያስርባል። ሞኒተሩን ከጥግ አውጥተን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን በአንድ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ጉርምርምታው ግማሹ ያኔውኑ ሄደ።

ትልቁ ነገር ግን ኪቦርዱ ነበር። ኪቦርዱ ላይ የተሞላው ሪትም ውስጥ ራሱን የቻለ ቤዝ አለ። በዚያ ላይ የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ዝቅ ያሉ ኖታዎች ይይዛል። ከበሮውም ከዚያው ሰፈር ነው። አንድ ጠባብ ቦታ ላይ አራት ነገር ሲጋፋ የሚሸነፈው ያለ አምፕ የመጣው ቤዝ ጊታር ነው።

«ወንድሜ፣ የሪትሙን ቤዝ ዝጋልን፤ ግራ እጅህንም አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርግልን» አልኩት።

«ባዶ አይሆንም?»

«እስቲ እንስማው።»

አንድ ፈጣን የጎጃም ጭፈራ ያዙ። ማሲንቆ የሚመቱት አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ሰሙና ደጋናቸውን ሳያቆሙ «አሁን ገና ልጁን ሰማሁት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ዞር ብለው «ልጄ፣ ከበሮው ላይ አትቁምበት» አሉት።

ይህን ምክር ማንም የሳውንድ መምህር ከዚህ አሳምሮ አይሰጠውም። ልጁ ኖታዎቹን እያስረዘመ ነበር። ጭክችካው ላይ ከበሮው ሲወድቅ የቤዙ ኖታ ገና እየጮኸ ነው፤ ሁለቱ ይደባለቁና ጭቃ ይሆናሉ። የቀኝ እጁን መዳፍ ጠርዝ ብሪጁ አጠገብ ክሩ ላይ አሳርፎ እንዲያሳጥረው ነገርኩት። አጭር፣ ደረቅ፣ ክብ ያለ ኖታ መጣ። የአሜሪካው ሞታውን ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን ክሮቹ ሥር ስፖንጅ አድርጎ ይጫወት የነበረው ለዚሁ ነው፤ ኖታው ይናገርና ቦታ ይለቃል።

እስካሁን አንድ ብር አልወጣም። ፔዳል መምረጥ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። እነዚህ ነገሮች ሳይስተካከሉ የሚገዛ ፔዳል ጭቃውን ነው የሚያጎላው።

ስፒከሩ የማያወጣውን ጆሮ እንዲሞላው

አሁን የቀረው የስፒከሩ ጉዳይ ነው፤ የዚህ ታሪክ ፍሬም እዚህ ላይ ነው።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ሲለቀቅ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98 ኸርዝ ናቸው። በማቆሚያ ላይ ያለ ባለ12 ኢንች ስፒከር 41 ኸርዝን በሚረባ ጉልበት አያወጣም። ሳውንድማኑ የባሱን (የታችኛውን ድምፅ) ማዞሪያ ምንም ቢያዞር አምፕሊፋየሩን ያደክማል እንጂ ድምፅ አይጨምርም። ሰርገኛው ስልኩ ላይ የቀዳውን ቪዲዮ ሲያይ ደግሞ ይብሳል፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ታች አይደርስም።

ታዲያ ሰው ቤዝን በትንሽ ስፒከር እንዴት ይሰማል? አንድ ክር ሲመታ መሠረታዊው ድምፅ ብቻውን አይወጣም። ከ41 ጋር 82 አለ፣ 124 አለ፣ ከዚያም በላይ ይቀጥላል። እነዚህ ሃርሞኒክስ ይባላሉ። ጆሮ 82ንና 124ን ካገኘ፣ ያልመጣውን 41 ራሱ ይሞላዋል። ኖታው ዝቅተኛ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ለትንሽ ስፒከር ሥራው 41ን መጨመር አይደለም፤ ከእሱ በላይ ያሉትን ዘመዶቹን ማበርታት ነው። ኦቨርድራይቭ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድምፁን በጥቂቱ ሲቆርጠው አዳዲስ ሃርሞኒክስ ይወለዳሉ።

ልጁ ይህ ነገር አልገባው አለ። «ጋሼ፣ ድምፅ ማበላሸት እንዴት ያጠራዋል?» አለኝ። በዐቢይ ጾም በገና ይደረድር እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ በገናውን አስታወስኩት። በገና አሥር አውታር አለው። ብርኩማው ላይ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል፣ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ እንዚራውን እየነካ ያንን የምናውቀውን ንዝር ያለ ድምፅ ያወጣል። እንዚራው በትክክል ካልተቀመጠ በገናው ዝም ይላል ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ደካማና ደብዛዛ ይሆናል። ሲስተካከል ግን ያ ዝቅተኛ ድምፅ ያለ ምንም ማጉያ ክፍሉን ይሞላል። እንዚራው ጉልበት አልጨመረም። ሃርሞኒክስ ነው የጨመረው።

«እንዚራ በጣም ሲበዛስ?» አልኩት።

«ይንጫጫል። ዜማው አይለይም።»

«ድራይቭም እንደዛው ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሙከራው

ከባሕር ዳር ይዤ የሄድኩት ቤሪንገር ቢዲአይ21 ነበር፤ ርካሽ ፕሪአምፕ (ምልክቱን አጠንክሮ ድምፁን የሚቃኝ ዕቃ) ነው፣ ቴክ 21 የሚሠራውን የሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ሐሳብ ተከትሎ የተሠራ። ቤዙን እሱ ውስጥ ሰክተን፣ ከእሱ በኤክስኤልአር (ባለሦስት እግር የማይክ) ኬብል ወደ ሚክሰሩ ማይክ መግቢያ ወሰድነው። የኢምፒዳንሱ ችግር በዚሁ አበቃ። ልጁ ብቻውን ሲመታው ፊቱ በራ። ታች ወፍራም፣ ላይ ጥርት ያለ፤ ካሴት ላይ የምንሰማው ዓይነት።

ባንዱ ገባ። ቤዙ ጠፋ።

ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የዚህ ዓይነት ፕሪአምፕ ታችና ላዩን ከፍ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ ነው የተሠራው። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲሰማ ጆሮ ይህን ይወዳል። ባንድ ውስጥ ግን ታቹን ከበሮው ይወስደዋል፣ ላዩን ማሲንቆውና የዘፋኙ ድምፅ ይሸፍኑታል፤ ቤዙ የሚቀረው መሃሉ ነበር፣ እሱን ደግሞ ራሱ ጥሎታል። ቢዲአይ21 ላይ ባስና ትሬብል (የታቹና የላዩ ማዞሪያ) አለ፤ የሚድ (የመሃሉ) ማዞሪያ የለም። ቢፈልጉም መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ ሄድን። የቤዙ ቻናል ሚድ ቦታው የሚንቀሳቀስ ነው። ባንዱ እየተጫወተ ሚዱን ከፍ አድርጌ ቦታውን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። 250 ላይ ሳጥን ውስጥ ያለ ይመስላል። ከ400 እስከ 700 ኸርዝ ባለው ላይ ቤዙ ብድግ ብሎ ወጣ፤ የቱን ኖታ እንደሚመታ በግልጽ ይለያል። 1000ን ሲሻገር ከማሲንቆው ጋር መጋጨት ጀመረ፤ አባትየውም ቀና ብለው አዩኝ። ወደ 500 መለስኩት።

የሮሃ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን በካሴት ዘመን የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። በትንሽ ቴፕ እንኳ የቤዙን መስመር በጆሮህ ተከትለህ ማንጎራጎር ትችላለህ። ያ መሃሉ ስላለ ነው።

የጃዝ ቤዙ ሁለት ቮልዩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሙሉ ሲከፈቱ መሃሉ ከቤዙ ራሱ ይቀንሳል። ልጁ ሁልጊዜ ሁለቱንም ሙሉ ነበር የሚከፍተው። የብሪጁን ፒካፕ በጥቂቱ ዝቅ ስናደርገው ድምፁ ሞላ። ዋጋ አለው ግን፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የኤሌክትሪኩን ሁምታ እርስ በርስ ይሰርዛሉ፣ አንዱ ሲቀነስ ሁምታው በትንሹ ይመለሳል። እኔ ጥቂት ሁምታ ታግሼ መሃሉን ብወስድ ይሻለኛል። ባንዱ ሲጀምር አይሰማም።

ምርጫው

አሁን የልጁን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማየት ተቻለ።

ቢ3ኬ ጥሩ ዕቃ ነው። ንጹሑን ድምፅ ከተቆረጠው ጋር የሚያዋህድ ብሌንድ አለው፤ ለቤዝ ብሌንድ የሌለው ዲስቶርሽን አልመክርም። ለምሳሌ ለጊታር የተሠራው ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ሳይቆርጥ ስለሚተወውና ስለሚቀንሰው ቤዝ ላይ ሲደረግ ታቹ ይሳሳል። ቢ3ኬ ይህ ችግር የለበትም። ግን ዲአይ መውጫ (ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ማይክ መግቢያ የሚሄድ) የለውም፣ ሚድ ማዞሪያ የለውም። ልጁ ሌላ ዲአይ ቦክስ መግዛት ሊኖርበት ነው፤ ዘመድየው ደግሞ አንድ ዕቃ ብሏል። ታላቅ ወንድሙ ቢ7ኬ ኢኮላይዘርም ዲአይም አለው፤ ድምፁ ግን ለሮክና ለሜታል የተቃኘ ነው፣ ለሰርግ ጭክችካ ጠርዙ ይበዛል። የቦስ ኦዲቢ-3ም ንጹሑን ማዋሃጃ አለው፤ ግን እሱም ያለ ዲአይ ነው፣ ድራይቩም ሻካራ ነው።

ዙም ቢ1 ፎር በፎቶዎቹ መካከል ነበር። ኮረሱ፣ ኦክታቩ፣ ዋዉ፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ደስ ይላል። ኤክስኤልአር መውጫ ስለሌለው ለዚህ ጉዳይ አለፍነው።

ኮምፕረሰር (የጠንካራውንና የለስላሳውን ድምፅ ልዩነት የሚያጠብ ዕቃ) ላይ ክርክር ገጠምን። ልጁ ኤምኤክስአር ኤም87 ያምረዋል፤ የሚቀንሰውን መጠን በመብራት ስለሚያሳይ ለጀማሪ ጆሮ ጥሩ መምህር ነው። ግን የጎጃም ምት ሕይወቱ በጠንካራና በለስላሳ መፈራረቅ ላይ ነው። ኮምፕረሰር ሲበዛ ያ ጉብታ ይደለደላል፣ እስክስታው ትከሻ አያነሳም። የሚክሰሩ ቻናል ላይ ባለ አንድ ማዞሪያ ኮምፕረሰር አለ። በጥቂቱ ከፈትነው፤ ለጊዜው በቂ ነው።

የቀሩት ሁለት ሆኑ። አንዱ የአጊላር ቶን ሃመር ነው፣ የኒውዮርክ ዕቃ። የሚዱ ቦታ ከ180 እስከ 1000 ኸርዝ ይንቀሳቀሳል፤ ማለትም ሚክሰሩ ላይ ያደረግነውን በትክክል እግር ሥር ያመጣዋል። ጥሩ ስፒከርና ሰብ ያለው ባንድ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እሱን ነበር የምመርጠው። ድራይቩ ግን ንጹሑን ለብቻ አዋህዶ ለማስቀመጥ ብሌንድ የለውም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሙሉ ንጹሕ ታች፣ ከላዩ ጥቂት እንዚራ ነው።

ሌላው ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ነው፤ ሁለተኛው ስሪት። የመጀመሪያው ስሪት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከወጣ ጀምሮ በዓለም ላይ ስንት መድረክና ስቱዲዮ እንደዞረ መናገር አያስፈልግም። ችግሩ ያው ሚድ ማጣቱ ነበር። ሁለተኛው ስሪት ላይ የሚድ ማዞሪያ ተጨመረ፤ ቦታው በማብሪያ 500 ወይም 1000 ኸርዝ ይደረጋል። ባሱም 40 ወይም 80 ኸርዝ ላይ ይመረጣል። ድራይቭ አለ፣ ብሌንድ አለ፣ ዲአይ መውጫ አለ፣ ግራውንድ ሊፍት አለ። በ9 ቮልት ባትሪ፣ በአዳፕተር፣ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣው 48 ቮልት ፋንተም ይሠራል። ለሰርግ ባንድ ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። የርካሽ አዳፕተር ሁምታ፣ የጠፋ አዳፕተር፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ፔዳል ያቃጠለ አዳፕተር፤ ሁሉም ከጨዋታ ይወጣል።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። የቢ3ኬን ፎቶ አንዴ አየውና «እሺ፣ ይሄ ይምጣ» አለ። ሚዱ 500 ላይ እንደሚቀመጥ አስቀድመን ስላወቅን ግምት አልነበረበትም።

ዕቃው እስኪመጣ አዲስ ክር አስገባ፤ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 (በኢንች ሺኛ) የሆነውን የተለመደ ስብስብ። ያ ብቻውን ብዙ አድሷል።

ፍኖተ ሰላም ላይ

ሳንስአምፑ ደርሶ የመጀመሪያው ሰርግ ፍኖተ ሰላም ነበር። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ላይ ነን። ቤዙ ሲሰካ ሁምታ ሞላ። የቤዙን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ሲዘጋውም አልጠፋም፤ ስለዚህ የፒካፑ አልነበረም። ያን ማታ ፔዳሉ በአዳፕተር ነበር የሚሠራው፤ የኪቦርዱና የፔዳሉ መስመር በተለያየ መንገድ ወደ መሬት ሲሄዱ የሚፈጠረው ዙር ነው። ግራውንድ ሊፍቱን ሲያደርገው ጸጥ አለ (በፋንተም ሲሠራ ግን ግራውንድ ሊፍት ማድረግ አይቻልም)።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥብቅ ልናገር። ሁምታ ለማጥፋት የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር የሚነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ። በፍጹም አታድርጉት። ያ እግር ዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ሰው የሚያድን ነው፤ የቤዝ ተጫዋች እጁ ብረት ክር ላይ ነው፣ ዘፋኙ ደግሞ አፉ ማይኩ ላይ። ግራውንድ ሊፍት የሚለየው የድምፁን ኬብል መሬት ብቻ ነው፣ ስለዚህ አያሰጋም።

አቀማመጣችን ይህ ነበር። ድራይቭ ሩብ ላይ። ብሌንድ ከግማሽ ትንሽ አነስ ብሎ። ባሱ 80 ኸርዝ ተመርጦ መሃል ላይ፤ ስፒከሩ የማያወጣውን 40 ማንሳት ጥቅም የለውምና። ሚድ 500 ተመርጦ ከመሃል ከፍ ብሎ። ትሬብል ከመሃል ዝቅ፣ ፕረዘንስ ከዚያም ዝቅ፤ ማሲንቆውን እንዳይነካ። ልጁ ለብቻው ሲሞክረው ፊቱን አኮማተረ። «አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ጋሼ» አለኝ። አዎ፣ ለብቻው ይላል። ከበሮው ሲገባ ግን አፍንጫው የት እንደገባ አይታወቅም፤ የቀረው ጥርት ያለ የቤዝ መስመር ነው።

ከዳሱ ጥግ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት አጠገብ፣ በስልክ ቀዳሁት። የስልክ ማይክ ታችን አያነሳም፣ ስለዚህ ስለ ውፍረቱ አይፈርድም። ለአንድ ነገር ግን ጥሩ ዳኛ ነው። በስልክ የተቀዳ ቤዝ ላይ ኖታውን ለይተህ መከተል ከቻልክ ሃርሞኒክሱ ደርሷል ማለት ነው። እዚያው ለልጁ አሰማሁት። ባቲ ቅኝት የሆነ ዘፈን ላይ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሸጋገር እያንዳንዱ ይሰማል። የኪቦርድ ተጫዋቹም ስልኩን ተቀብሎ ሰማና በዚያ ማታ የሪትሙን ቤዝ መልሶ አልከፈተም።

ሳውንድማኑ ደግሞ የቤዙን ቻናል ድምፅ ከቀድሞው ዝቅ አድርጎ እንደሠራ ነገረኝ። ዘፋኙ አልተቆጣም።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ባለሁለት ሰብ ሲስተም ተከራይተው ሲሠሩ ያው አቀማመጥ ቀጠነ። ታቹ አሁን መውጣት ይችላል፣ እኛ ግን አልላክንለትም። ባሱን ወደ 40 ቀይሮ በጥቂቱ ብቻ ከፈተ፣ ድራይቩን ወደ መጨረሻ ዝቅታ መለሰ፣ ሚዱን ግን አልነካም። ጥሩ ሆነ፤ ሆኖም የቻናሉ 80 ኸርዝ ሎው ከት (ከዚያ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማብሪያ) ተጭኖ ቀርቶ ስለነበር ግማሹን ማታ ሰቡ ከቤዙ የሚገባውን ሳያገኝ አልፏል። በሁለቱ ባለ12 ኢንች ስፒከሮች ሲሠሩ ያ ማብሪያ ቢጫን ግድ የለም፣ እንዲያውም ስፒከሩን ያሳርፋል። ሰብ ሲኖር መነሳት አለበት። አሁን ልጁ ሁለቱን አቀማመጥ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ይዟል፤ ለሳውንድማኑም ልኮለታል። ቀጥሎ ሊገዛ የሚያስበው ጥሩ የኤክስኤልአር ኬብልና መለዋወጫ ባለ9 ቮልት ባትሪ ነው። የቢ3ኬው ፎቶ ከስልኩ አልጠፋም። ማርቆስ ውስጥ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ልጆች የሮክ ባንድ ሊያቋቁሙ ስለሆነ እዚያ ቦታ ያገኛል፤ ከሳንስአምፑ በፊት ይሰካል፣ ዲአዩን ሳንስአምፑ ይሰጠዋል።